ጥቂት ቀን አብሮ መማር፦ ስለ አውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች አጭርና የተጠናከሩ ኮርሶች

ስለ አውሮፓ ከፍተኛ ትምህርት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ዓመታት የሚፈጀውን ዲግሪ፣ የነጻ ትምህርት ዕድሉን፣ ስማቸው የገነነ ዩኒቨርሲቲዎችን ነው። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ከአምስት ቀን እስከ ሁለት ወር ብቻ ስለሚቆይ ትምህርት ነው። ከተለያዩ አገሮች የመጡ ተማሪዎችና መምህራን አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። አንድ ጉዳይ ይዘው ከጠዋት እስከ ማታ ያነባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይሠራሉ፤ በአንድ ማዕድ ይመገባሉ፤ ከዚያም ወደየአገራቸው ይመለሳሉ።

«በዚህች ጊዜ ውስጥ ምን የሚረባ ነገር ይማራል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ የአጭር ኮርስ ፍሬ በቀኖቹ ቁጥር አይለካም። የሚለካው ሰዎቹ ከመገናኘታቸው በፊት ባደረጉት ዝግጅት፣ በተገናኙ ጊዜ መምህራኑ ራሳቸው ከተማሪ ጋር ቁጭ ብለው ለመማር ባላቸው ፈቃደኝነት፣ ከተለያዩም በኋላ በሚቀጥሉት ሥራ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ አሥር ቀን የአንድን ሰው የትምህርት ሕይወት አቅጣጫ ሊያስለውጥ ይችላል። አንዱ ከጎደለ ኮርሱ ደስ የሚል ጉዞ ሆኖ ይቀራል። ይህን በታሪክ፣ በአሠራርና በምሳሌ ለማሳየት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከጦርነት ማግስት የመጣ ሐሳብ

የዚህ ዓይነት ኮርስ በአውሮፓ የተስፋፋው ሰዎች እርስ በርስ ከተራረዱ በኋላ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የጀርመንና የፈረንሳይ ምሁራን ለብዙ ዓመታት አንዱ የሌላውን ጉባኤ አይረግጥም ነበር። በ1928 በስዊዘርላንድ ተራራማ ከተማ በዳቮስ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ተከፈተ። ዳቮስ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ንጹሕ አየር ፍለጋ የሚሄዱባት ከተማ ነበረች። ከሕሙማኑም መካከል ትምህርታቸውን ያቋረጡ ብዙ ወጣቶች ነበሩ። ኮርሱ ሁለት ዓላማ ያዘ፤ አንደኛው ለእነዚህ ወጣቶች የአእምሮ ስንቅ ማቀበል፣ ሁለተኛው የተቆራረጡትን ምሁራን ማገናኘት። በመጀመሪያው ዓመት አልበርት አንስታይን ተገኝቶ ንግግር አድርጓል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1929 የጸደይ ወራት፣ ሁለት የጀርመን ፈላስፎች፣ ኤርንስት ካሲረርና ማርቲን ሃይደገር፣ በተማሪዎች ፊት ተከራከሩ። የሰው ልጅ ምንድን ነው? ዕውቀቱስ ወሰኑ የት ድረስ ነው? የሚል ክርክር ነበር። ካዳመጡት ወጣቶች መካከል በኋላ የራሳቸውን የፍልስፍና መንገድ የከፈቱት ኢማኑኤል ሌቪናስና ሩዶልፍ ካርናፕ ይገኙባቸዋል። ያ ክርክር እስከ ዛሬ መጽሐፍ ይጻፍበታል። አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ፦ ሁለቱ ሰዎች አልተስማሙም። ተማሪዎቹ ያተረፉት ሁለት ታላላቅ መምህራን ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ አክብሮ ሲሞግት ማየታቸው ነው። በገዛ ዩኒቨርሲቲያቸው አንዱን ብቻ ይሰሙ ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ክፍል የሚያገኙበት ዕድል አልነበራቸውም። የዳቮስ ኮርሶች ከ1931 በኋላ አልቀጠሉም። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳዊው ካሲረር አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ ሃይደገር የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። ኮርስ ብቻውን ጥላቻን እንደማይመክት ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛው ጦርነት ሲያበቃ ሐሳቡ ተመልሶ መጣ። በ1947 ክሌመንስ ሄለር የሚባል ኦስትሪያ ተወልዶ በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ በኦስትሪያዋ ሳልዝቡርግ ከተማ በሌኦፖልድስክሮን ቤተ መንግሥት የስድስት ሳምንት ትምህርት አዘጋጀ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በጦር ግንባር ተፋጥጠው የነበሩ አገሮች ወጣቶች አንድ ጣሪያ ሥር አደሩ። አንትሮፖሎጂስቷ ማርጋሬት ሚድና የኢኮኖሚ ምሁሩ ቫሲሊ ሊዮንቲየፍ ካስተማሩት መካከል ነበሩ። ምግብ በራሽን በሚታደልበት፣ ከተሞች ፍርስራሽ በሆኑበት ዘመን መጽሐፍና ስንቅ ከአሜሪካ ተጭኖ መጣ።

በፈረንሳይ ደግሞ ሴሲል ሞሬት የምትባል ወጣት የፊዚክስ ሊቅ ነበረች። በ1944 በኖርማንዲ በወረደው የቦምብ ናዳ እናቷን፣ እህቷንና አያቷን አጥታለች። ከጦርነቱ በኋላ ውጭ አገር ስትሠራ የፈረንሳይ ፊዚክስ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ አየች። አዲሱ የኳንተም ፊዚክስ በአገሯ ዩኒቨርሲቲዎች በወጉ አይሰጥም ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹን ከሥር መሠረታቸው ለመለወጥ አቅሙም ሹመቱም አልነበራትም። ስለዚህ በ1951፣ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት፣ በአልፕስ ተራሮች ሌ ዙሽ በምትባል መንደር የበጋ ትምህርት ቤት ከፈተች። ተማሪዎቹ ለሁለት ወር ያህል በእንጨት ቤቶች ይኖራሉ፤ ከመምህራኑ ጋር ይማራሉ፣ ይበላሉ፣ ተራራ ይወጣሉ። ቮልፍጋንግ ፓውሊና ኤንሪኮ ፌርሚን የመሰሉ ሊቃውንት መጥተው አስተማሩ። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪዎች መካከል ፒየር ዢል ደ ዤን በ1991፣ ክሎድ ኮኸን ታኑጂ በ1997 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። እሷ ትምህርት ቤቱን ከሃያ ዓመት በላይ መርታለች፤ ዛሬም ሥራው አልቆመም።

የሌ ዙሽን ታሪክ ደጋግሜ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። አንድ አገር የተበላሸ የትምህርት ሥርዓቱን ለማደስ ዐሥርት ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል። በአንጻሩ በየበጋው ሠላሳና አርባ ጎበዝ ወጣቶችን ሰብስቦ፣ የዘመኑን ምርጥ ዕውቀት ከምንጩ አስቀድቶ መመለስ ይቻላል። እነዚያ ወጣቶች በየዩኒቨርሲቲያቸው መምህር ሲሆኑ ሥርዓቱ ከውስጥ ይለወጣል። ፈረንሳይ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

አራተኛው ቦታ በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ የምትገኘው ዱብሮቭኒክ ናት። በ1972 የዛግሬብ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር የነበሩት ኢቫን ሱፔክ ባቀረቡት ሐሳብ የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ማዕከል እዚያ ተቋቋመ። ዘመኑ ምሥራቅና ምዕራብ በሚሳኤል የሚፋጠጡበት ነበር። ከተማዋ የነበረችባት ዩጎዝላቪያ ከሁለቱም ጎራ ውጭ ስለነበረች የፖላንዱም የአሜሪካውም መምህር እዚያ ሊገናኝ ይችል ነበር። በ1975 ከቤልግሬድ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ መድረካቸው የተባረሩ ፈላስፎች ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከዩርገን ሃበርማስ ጋር ሆነው ሐሳባቸውን የሚያካፍሉበት ኮርስ ያገኙት በዚሁ ማዕከል ነው። ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ በተነሣው ጦርነት፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1991 ከተማዋ በመድፍ ስትደበደብ የማዕከሉ ሕንፃ ከነቤተ መጻሕፍቱ ነደደ። ሕንፃው ታድሶ ኮርሶቹ እንደገና ይሰጣሉ።

ውድቅ ከተደረገ ማስረጃ እስከ ኤራስመስ

እስካሁን የጠቀስኳቸው በጥቂት ብርቱ ሰዎች ትከሻ ላይ የቆሙ ሥራዎች ናቸው። ለማንኛውም ተማሪ የሚደርስ ሥርዓት እንዲሆኑ መንግሥታት መግባት ነበረባቸው። ለዚህ የሚጠቀሱት ጣሊያናዊቷ ሶፊያ ኮራዲ ናቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሕግ የሚያጠኑ ወጣት ሳሉ በነጻ ትምህርት ዕድል ወደ ኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ማስተርስ ያዙ። ወደ ሮም ተመልሰው ማስረጃቸውን ሲያቀርቡ ዩኒቨርሲቲው አልቀበልም አላቸው፤ በሰው ፊትም ተዋረዱ። ያ ቁጭት ዕድሜ ልክ ሥራ ሆነ። ከ1969 ጀምሮ ውጭ አገር የተማሩት ትምህርት በአገር ቤት እንዲቆጠር ሬክተሮችንና ሚኒስትሮችን ወተወቱ። በ1976 የአውሮፓ ማኅበረሰብ የትምህርት ሚኒስትሮች የጋራ የጥናት መርሐ ግብሮችን ለመደገፍ ተስማሙ። ሰኔ 15 ቀን 1987 ኤራስመስ የተባለው የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም ጸደቀ። በመጀመሪያው ዓመት ከ11 አገሮች 3,244 ተማሪዎች ተንቀሳቀሱ። ከዚያ ወዲህ በፕሮግራሙ የተጠቀሙት ሰዎች ከ15 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ኤራስመስ ሲባል ሰው የሚያስታውሰው ለሴሚስተር ወይም ለዓመት ውጭ የሚሄደውን ተማሪ ነው። ከጎኑ ግን የተጠናከሩ ኮርሶች ሥርዓት እያደገ መጣ። ከ2007 እስከ 2013 በነበረው ደንብ ቢያንስ የሦስት አገር ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው፣ ከ10 ተከታታይ ቀን እስከ 6 ሳምንት የሚቆይ ኮርስ ሲያዘጋጁ ድጋፍ ያገኙ ነበር። በ2014 ፕሮግራሙ ሲደራጅ እነዚህ ኮርሶች ራሳቸውን ችለው መቆማቸው ቀረና በትልልቅ የትብብር ፕሮጀክቶች ውስጥ ተካተቱ። ለአንዲት ትንሽ የትምህርት ክፍል ደግሞ ትልቅ ፕሮጀክት መጻፍ ቀላል አልነበረም። በ2021 በአዲስ መልክ ለብቻቸው ተመለሱ።

የዛሬው አሠራር

አሁን ያለው ደንብ ይህን ይመስላል። ቢያንስ ከሦስት የፕሮግራሙ አባል አገሮች የተውጣጡ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ይጣመራሉ። ተማሪው በአካል የሚገኝበት ጊዜ ከ5 እስከ 30 ቀን ነው። ከዚያ በፊት፣ በኋላ ወይም በሁለቱም ጊዜ በኦንላይን የሚሰጥ የጋራ ትምህርት መኖሩ ግዴታ ነው። ኮርሱን የጨረሰ ተማሪ ቢያንስ 3 የአውሮፓ ክሬዲት ማግኘት አለበት። አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሥራ ጊዜ ስለሚወክል፣ 3 ክሬዲት ማለት ከ75 እስከ 90 ሰዓት ሥራ ነው። ቁጥሩን ልብ በሉት። በአምስት ቀን ውስጥ 75 ሰዓት መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ደንቡ ራሱ ከቀኖቹ በፊት ወይም በኋላ ሥራ እንዲኖር ያስገድዳል። ክሬዲት፣ ወይም በአገራችን የሞጁላር ሥርዓት ሲገባ ተማሪው «ኢሲቲኤስ» እያለ የለመደው መለኪያ፣ ከዚህ የአውሮፓ ልምድ የመጣ ነው።

ለኮርሱ ዝግጅት የሚሰጠው ገንዘብ በአንድ ተሳታፊ 400 ዩሮ ሲሆን፣ የሚታሰበውም እስከ 20 ሰው ድረስ ነው። ይህ ቢበዛ 8,000 ዩሮ ማለት ነው። ተማሪው ለራሱ የሚያገኘው የቀን አበል እስከ 14ኛው ቀን 79 ዩሮ፣ ከ15ኛው ቀን ጀምሮ 56 ዩሮ ነው። የኑሮ ችግር፣ የአካል ጉዳት ወይም ሌላ እንቅፋት ላለበት ተጨማሪ ድጎማ አለው።

አጭርነቱ ትልቅ ጥቅም የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ሴሚስተር ውጭ አገር መቆየት የሚችል ተማሪ ማነው? በአብዛኛው ሥራ የሌለበት፣ ልጅ የማያሳድግ፣ የታመመ ወላጅ የማያስታምም፣ ቤተሰቡም የሚደግፈው ወጣት ነው። ማታ እየሠራች ቀን የምትማር ነርስ አምስት ወር ከሥራዋ ልትቀር አትችልም። ፈቃድ ወስዳ ሰባት ቀን መሄድ ግን ትችላለች። እነዚህ ኮርሶች በር የሚከፍቱት ረጅሙ መንገድ ለተዘጋባቸው ነው፤ ከሁሉ በላይ የምደግፋቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዳኑብ ዳር

አሠራሩን በተግባር እንድታዩት አንድ ኮርስ አብረን እናስብ። ጉዳዩ እውነተኛ ነው፤ ኮርሱን ግን ለማሳያ እኔ የቀረጽኩት ነው።

ዳኑብ ዐሥር አገሮችን የሚነካ ወንዝ ነው። በ1977 ሀንጋሪና ቼኮስሎቫኪያ በጋብቺኮቮና በናጅማሮሽ የጋራ ግድቦች ለመሥራት ውል ተፈራረሙ። በሀንጋሪ በኩል ለተፈጥሮ ሀብት የሚቆረቆሩ ዜጎች ሥራውን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ተቃውሞውም በጊዜው መንግሥት ላይ የተነሣ የሕዝብ ድምፅ ሆነ። በ1989 ሀንጋሪ ሥራዋን አቆመች። ቼኮስሎቫኪያ በ1992 ውሃውን በራሷ ግዛት ጠልፋ የኃይል ማመንጫውን ሥራ አስጀመረች። በሀንጋሪ በኩል ያለው ረግረጋማ ምድር ውሃው ቀነሰበት። በ1993 ቼኮስሎቫኪያ ለሁለት ስትከፈል ጉዳዩን ስሎቫኪያ ወረሰችው። ዘ ሄግ የሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት መስከረም 25 ቀን 1997 ሁለቱም አገሮች ውሉን እንደጣሱ፣ ውሉ ግን አሁንም የጸና እንደሆነ ፈርዶ እንዲደራደሩ አዘዘ።

አሁን ከቡዳፔስት፣ ከብራቲስላቫና ከቪየና ዩኒቨርሲቲዎች ሃያ ተማሪዎች ተመርጠዋል እንበል። ሕግ፣ የውሃ ምህንድስናና ሥነ ሕይወት የሚያጠኑ ናቸው። ከመገናኘታቸው ከአራት ሳምንት በፊት በኦንላይን ተዋወቁ። ውሉንና ፍርዱን አነበቡ። እያንዳንዱ ተማሪ ጉዳዩ በገዛ አገሩ እንዴት እንደሚተረክ አንድ ገጽ ጻፈ።

የመጀመሪያው ቀን እነዚህ ገጾች ይነበባሉ። ለቡዳፔስቷ ተማሪ ይህ ሕዝብ ድምፁን ያሰማበት ታሪክ ነው። ለብራቲስላቫው ተማሪ የመብራት፣ የመርከብ መንገድና ከጎርፍ የመዳን ታሪክ ነው። የቪየናው ተማሪ ዳር ቆሜ አያለሁ ሲል፣ ለናጅማሮሽ ግንባታ የኦስትሪያ ገንዘብ መግባቱ ይነገረዋል። ሦስቱም ውሸት አልተናገሩም። እያንዳንዳቸው ያደጉበትን እውነት ነው ይዘው የመጡት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መምህራኑ የየሙያቸውን ያስተምራሉ። በአራተኛው ቀን አውቶቡስ ተሳፍረው ቦዩንም ኃይል ማመንጫውንም ረግረጉንም በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያ በኋላ ሥራው በቡድን ነው፤ በየቡድኑ ከሦስቱም አገር፣ ከሦስቱም ሙያ ሰው አለ። ለድርድር የሚሆን አንድ የመነሻ ሐሳብ አርቅቀው በመጨረሻው ቀን በመምህራኑ ፊት ያቀርባሉ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም በኦንላይን እየተገናኙ ጽሑፉን አርመው ያስረክባሉ፤ ክሬዲቱ የሚያዘውም ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ኮርስ ውስጥ የሕግ ተማሪው የውሃ መጠን ስሌት ማንበብ ጀምሯል። መሐንዲሷ አንድ ሐረግ በውል ውስጥ መግባቱ ስንት ዓመት ሊያከራክር እንደሚችል ተረድታለች። የዓባይን ጉዳይ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ አድማጭ እንዲህ ያለ የጋራ ትምህርት ምን ዋጋ እንዳለው እንዳብራራለት አይጠብቀኝም።

መምህሩ ሲማር

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ መጣሁ። በእነዚህ ኮርሶች ስለ ተማሪው ብዙ ይባላል፤ ስለ መምህሩ ግን አይነገርም። የዩኒቨርሲቲ መምህር ብዙ ጊዜ ብቸኛ ሰው ነው። የክፍሉን በር ዘግቶ ያስተምራል። ባልደረባው እንዴት እንደሚያስተምር ሳያይ ጡረታ የሚወጣ አለ። አንድ መምህር የሌላውን ክፍል ገብቶ ቢቀመጥ ለቁጥጥር የመጣ ሊመስል ይችላል።

በተጠናከረ ኮርስ ውስጥ ይህ ይፈርሳል። የፖርቱጋሏ መምህርት ስታስተምር የፊንላንዱና የፖላንዱ መምህር ከተማሪ ጋር ተቀምጠው ይሰማሉ። አንዷ ጥያቄ ጠይቃ ረጅም ዝምታ ትታገሣለች፤ ሌላው መልሱን ቶሎ ራሱ ይሰጣል። አንዱ ከሕግ ጀምሮ ወደ ምሳሌ ይወርዳል፤ ሌላው ከምሳሌ ተነሥቶ ሕጉን ያወጣል። ማታ ለነገው ሲዘጋጁ እነዚህ ልዩነቶች ይነሣሉ። ውጤት አሰጣጥ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ይፋጠጣሉ፤ አንዱ አገር «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚባለው ሥራ ሌላው አገር «ደህና» ነው። አንድን የተማሪ ጽሑፍ ለአምስት መምህራን ሰጥቶ እያንዳንዳቸው ምን እንደፈለጉበት ማስረዳት የትኛውም የመምህራን ሥልጠና የማይተካው ትምህርት ነው።

ተማሪውም የሚያየው አለ። መምህሩ በሌላ መምህር ሲጠየቅ፣ «ይህን አላሰብኩበትም» ሲል፣ በማግስቱ ሐሳቡን አሻሽሎ ሲመጣ ያያል። በዳቮስ የነበሩት ወጣቶች ያዩትም፣ በሌ ዙሽ ሊቃውንቱን በእራት ጠረጴዛ ላይ የሚሞግቱት ተማሪዎች ያገኙትም ይህንኑ ነው። ዕውቀት ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ እንዳልሆነ በቃል ሺህ ጊዜ ከመስማት ሲሠራ አንድ ጊዜ ማየት ይበልጣል።

ያልተፈቱ ችግሮች

ያመሰገንኩትን ያህል ጉድለቱንም መናገር አለብኝ።

የመጀመሪያው ችግር የመምህራን ድካም ነው። 8,000 ዩሮ ለአዳራሽ፣ ለመጓጓዣና ለቁሳቁስ ሊበቃ ይችላል፤ የሦስት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለወራት የሚያደርጉትን ዝግጅት ግን አይከፍልም። በብዙ ቦታ ይህ ሥራ ከመደበኛው የማስተማር ጫና ላይ አይቀነስም፤ ለማዕረግ ዕድገትም እምብዛም አይቆጠርም። ስለዚህ ኮርሱ የአንድ ሁለት ሰው ትጋት ላይ ይንጠለጠላል። እነሱ ሲሰለቹ ይቆማል።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። በአብዛኛው ኮርሱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ የሚቀናው ይናገራል፤ ጥልቅ ሐሳብ ያለው ግን አፉ የሚተሳሰረው ዝም ይላል። ከዚያም ዝምታው እንደ አለማወቅ ይቆጠርበታል። ጥሩ አዘጋጆች በመጀመሪያዎቹ ቀናት በትንንሽ ቡድን ያሠራሉ፤ በጽሑፍ ማቅረብን ይፈቅዳሉ፤ የጋራ መዝገበ ቃላት ያዘጋጃሉ። ይህን የማያደርጉት አስቀድሞ የበረታውን ብቻ አበርትተው ይመልሳሉ።

ሦስተኛው ክሬዲቱ በአገር ቤት መቆጠሩ ነው። ሶፊያ ኮራዲን ያስቆጨው ችግር መልኩን ለውጦ ዛሬም አለ። ክሬዲቱ በወረቀት ይታወቃል፤ ግን ከግዴታ ትምህርቶቹ አንዱን ሳይተካ «ተጨማሪ» ተብሎ ይመዘገባል። ተማሪው ሠርቶበታል፤ የቀረለት ነገር ግን የለም። እንዲህ ሲሆን ለመሄድ የሚደፍረው ጊዜና ገንዘብ የተረፈው ብቻ ይሆናል። ለነርሷ ተከፈተ ያልኩት በርም ይዘጋል።

አራተኛው ፖለቲካ ነው። ስዊዘርላንድ በየካቲት 2014 በሕዝበ ውሳኔ የስደተኞችን ቁጥር ለመገደብ ስትወስን ከኤራስመስ ሙሉ አባልነት ውጭ ሆነች። ዳቮስ ያለችበት አገር ማለት ናት። ብሪታንያም ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ በ2021 ከጀመረው ፕሮግራም ራሷን አገለለች። የእነዚህ አገሮች ተማሪዎች የከፈሉት ዋጋ ትምህርት ላይ ባልተነሣ ክርክር ነው።

አምስተኛው ራሱ አጭርነቱ ነው። በአሥር ቀን የአገር ቋንቋ አይለመድም፤ የአገር ክረምትና በጋ አይታይም፤ ብቸኝነትን ችሎ መኖርም አይታወቅም። አንድ ዩኒቨርሲቲ የሴሚስተሩን ልውውጥ ሰርዞ «አጫጭሮቹ ይበቃሉ» ቢል በጽኑ እቃወመዋለሁ። አጭሩ ለረጅሙ መግቢያ፣ ረጅሙን ለማይችለው ደግሞ መድረሻ ነው።

ጎታ፣ 1652

ይህ ነገር ከኛ የራቀ እንዳይመስላችሁ አንድ የታወቀ ታሪክ ላንሣ። ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ግእዝን በዘመኑ ከተገኙት ጥቂት መጻሕፍት በራሱ ሲማር ቆየ። በ1649 ሮም በሄደ ጊዜ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በሚገኘው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ የአምሐራ ሰው የሆኑትን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በጎታው መስፍን በኤርንስት ጥሪ ወደ ጀርመን ተጉዘው በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ለጥቂት ወራት ተቀመጡ። በእነዚያ ወራት ሉዶልፍ ጠያቂ፣ ኢትዮጵያዊው መነኩሴ መምህር ነበሩ። አማርኛውን፣ የአገሩን ታሪክ፣ የሕዝቡን ኑሮ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ከተለያዩም በኋላ በደብዳቤ መጠያየቃቸውን ቀጠሉ፤ አባ ጎርጎርዮስ በ1658 የተሳፈሩባት መርከብ ሰጥማ እስኪሞቱ ድረስ።

ሉዶልፍ በ1661 የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሥራች ተብሎ የሚጠራውም በዚህ ሥራው ነው። አስቀድሞ ለዓመታት ተዘጋጀ፤ ጥቂት ወራት አብሮ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ አርባ ስድስት ዓመት የቆየ ፍሬ አወጣ። ከዚህ የተሻለ የአጭር ኮርስ ማስረጃ አላውቅም። መምህሩ ደግሞ ከኛ ወገን ነበሩ።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ይማራሉ፤ ልጆቻቸው እዚያ ተወልደው የሚማሩላቸው ወገኖቻችንም ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ኮርስ ማስታወቂያ ሲያዩ ከመመዝገባቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ከመሄዴ በፊት ምን አነባለሁ? መምህራኑ አንዱ በሌላው ክፍል ይቀመጣሉ ወይስ አስተምረው ይሄዳሉ? ክሬዲቱስ በየትኛው የግዴታ ትምህርቴ ምትክ ይቆጠርልኛል? አዘጋጁ ለሦስቱም ግልጽ መልስ ካለው፣ ሥራ የሚያስተጓጉል ቢሆን እንኳን ፈቃድ ጠይቀው ይሂዱ። መልስ ከሌለው ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን ይቆጥቡ።

ለመምህራን የምለው ደግሞ ይህ ነው። እንዲህ ያለውን ትምህርት ለመጀመር የአውሮፓ ኅብረትን ገንዘብ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። ሴሲል ሞሬት በሌ ዙሽ ስትጀምር የነበራት ጥቂት ድጋፍ፣ የእንጨት ቤቶችና መጥተው ለማስተማር የፈቀዱ ሰዎች ነበሩ። ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች፣ አንድ የጋራ ጥያቄ፣ የአንድ ወር ዝግጅት፣ አንድ ሳምንት አብሮ መቀመጥ፣ በመጨረሻም ታርሞ የሚረከብ ሥራ። ይህን ለማድረግ የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ በባልደረባ ፊት ለማስተማርና በባልደረባ ፊት ለመጠየቅ መፍቀድ ነው። እሱን የፈቀደ መምህር ከተማሪዎቹ እኩል ተምሮ ይመለሳል።